የቦሳ አዲስ ምሽት፤ ስለ ባሕር ማዶ ዜማና ስለ ቤታችን በገና

ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚጓዘው ያላየውን ለማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይቶ የሚመለሰው በቤቱ ሳለ ያላስተዋለውን ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ ጅማ ተጕዘን በቦሳ አዲስ በአንድ ቤት ያሳለፍናት ምሽት ይህን አስተምራናለችና፥ ለመጽሔታችን አንባብያን፥ ይልቁንም ልጆች ላሏቸው ቤተ ሰቦች፥ ነገሩን እንደ ሆነው ጽፈን አቅርበነዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓለም ገና፥ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። በመጋቢት ወር የግቤ ቈላ ሙቀቱ ከባድ ስለ ሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ነጠላውን ከትከሻው እያወረደ መስኮት ይከፍታል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ግን ነፋሱ ተለወጠ፤ በሰኮሩ፥ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል እየተጠጋን በሄድን ቍጥር ምድሩ እየለመለመ ሄደ። ከጥቂት ቀን በፊት ዝናም ጥሎ ነበርና፥ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ቡና አብቦ ነጭ ነጠላ የተሰጣበት ይመስል ነበር። የቡና አበባ ሽታው እጅግ ጣፋጭ ነው፤ ዕድሜው ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ባለ ቡናው ያን ጊዜ ሰማዩን እያየ ይጸልያል፤ ከአበባው እስከ ለቀማው ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር መጠበቅ አለበትና።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ የአዌቱ ወንዝ መካከሏን አቋርጦ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከበላይዋ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። እኒህ ንጉሥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ1878 እስከ 1932 በጅማ ሲነግሡ፥ ለዳግማዊ ምኒልክ በመገበር አገራቸውን ከጦርነት ጠብቀዋል፤ የሂርማታም ገበያ በዘመናቸው ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት ታላቅ ገበያ ነበር። ዛሬ ከተማዋ በቡናዋና በዩኒቨርሲቲዋ ትታወቃለች።

ቦሳ አዲስ ከጅማ ቀበሌዎች አንዱ ነው። ወደ ማታ ላይ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የቡና ቍላት ሽታ ይቀበለዋል፤ ከመስጊዱ አዛን፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን የጾም ወራት ያውቃል፥ ያከብራልም። የተቀበሉን ሰው በቡና ንግድ የሚተዳደሩ፥ በአጥቢያቸውም በሰበካ ጉባኤ ያገለገሉ ጨዋ አባወራ ናቸው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በዚያች ከተማ እናስተምር በነበረበት ጊዜ ሴት ልጃቸው ተማሪያችን ነበረች። አሁን በአየርላንድ ዋና ከተማ በዱብሊን በሕመምተኞች አስታማሚነት ሥራ ትኖራለች።

ገና እግራችን ሳይታጠብ ነው አባወራው በፊታቸው ላይ ያለውን ጭንቀት ያየንባቸው። ራት ቀርቦ፥ ሽሮውና ጎመኑ ተበልቶ፥ ቡናው መቈላት ሲጀምር ከመሶቡ ኋላ አንድ ፖስታ አወጡ። በውስጡ ረዥም ደብዳቤና አንድ የታተመ ወረቀት ነበረ።

«መምህር፥ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ ያንብቡልኝና ይፍረዱ» አሉን። «ልጄ በጾም ሙዚቃ ልትሰማ ሄዳለች። የሄደችበትም የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አልደበቀችኝም፤ እርስዋው ናት የጻፈችልኝ። እኔ ግን ጠፋችብኝ እያልሁ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሆነኝ።»

ባለቤታቸው ምንም አልተናገሩም፤ ቡናውን ማማሰላቸውንም አላቆሙም፤ ነገር ግን ጆሯቸው ወደ እኛ እንደ ነበር እናውቃለን።

ወረቀቱን አነበብነው። በዱብሊን በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተደረገ የምሽት ጉባኤ ቅደም ተከተል ነበር፤ የባሮክ ዘመን ሙዚቃና የአየርላንድ ጥንታዊ ዜማ እየተፈራረቁ የሚሰሙበት፥ በመካከሉም ከመጻሕፍትና ከባለ ቅኔዎች ድርሰት ንባብ የሚነበብበት። ባሮክ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1750 ገደማ በአውሮፓ የነበረው የድርሰት ዘመን ነው። ልጅቱ ያንኑ ዜማ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ የተቀዳውን ፈልጋ ለታናሽ ወንድምዋ በስልክ ልካለት ነበርና፥ «ሳንሰማ አንፈርድም» ብለን እንዲያሰማን ጠየቅነው። ልጁም ድምፁ እንዲጐላ ስልኩን በብርጭቆ ውስጥ አቁሞ በረከቦቱ አጠገብ አኖረው።

በመጀመሪያ የተሰማው የዮሐን ሴባስትያን ባኅ ድርሰት ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1685 በጀርመን አገር ተወልዶ በ1750 ያረፈ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ መሪ ነው፤ በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻም «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» የሚል ትርጕም ያላቸውን ሦስት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር። ከክራሮቹ ጋር የሚሰማው ፒያኖ መሰል መሣሪያ ክሩ በመዶሻ የሚመታ ሳይሆን በወፍ ላባ ጫፍ የሚነካ ነው። ይህን ብንነግራቸው አባወራው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ግንባራቸውን አልፈቱም።

ቀጥሎ የአየርላንድ ዜማ ተሰማ። አንዱ መሣሪያ ዋሽንት ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ከሰው አፍ ሳይሆን ከብብት ሥር በክርን ከሚገፋ ወናፍ ይመጣል። ዜማው ረዥምና የሚያንጐራጕር ነበር። ባለቤታቸው ማማሰያውን አስቀምጠው፥ «ይቺ ልጅዋን የሸኘች እናት ናት» አሉ። እኛም እውነት እንደ ተናገሩ ነገርናቸው። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ስለ ጠፋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኃብ አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን የሚያህልም ባሕር ተሻግሮ ተሰዷል። ወደብ ድረስ ልጁን የሸኘ ዳግመኛ አያየውም ነበርና፥ ከዜማዎቻቸው ብዙዎቹ የስንብት ዜማዎች ናቸው። እኒህ እናት የባዕዱን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳያውቁ ነገሩን ተረዱት።

«ቃሉስ?» አሉ አባወራው በመጨረሻ። «ዜማውን ተዉትና ቃሉ ምን ይላል?»

ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነበር። የጉባኤው ፍጻሜ የተደረገው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል «መሲሕ» ብሎ ከሰየመው ድርሰት የተወሰደ ክፍል ነው። የዚህ ድርሰት ቃል ቻርልስ ጄነንስ የተባለ እንግሊዛዊ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ለቅሞ ያዘጋጀው ሲሆን፥ የሚጀምረውም በነቢዩ በኢሳይያስ 40ኛ ምዕራፍ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከመደርደሪያው አስመጥተን ያንኑ ምዕራፍ በአማርኛ አነበብንላቸው፤ ከዚያም ልጁ ዜማውን ከፈተው። እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ ማጽናናቱ የተናገረው ነቢይ በሁለት ቋንቋ በአንድ ቤት ተሰማ። አባወራው ነጠላቸውን አደግድገው ተቀመጡ።

ስለ ዚህ ድርሰት ሌላም የነገርናቸው አለ። ሄንደል «መሲሕ»ን በ24 ቀን ጽፎ ከፈጸመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተሰማው በዚያው በዱብሊን፥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1742 ነው። የሚሰማው ሰው ብዙ ስለ ነበረ፥ ሴቶች ቀሚሳቸውን የሚወጥረውን ቀለበት ትተው፥ ወንዶችም ሰይፋቸውን ሳይታጠቁ እንዲመጡ አስቀድሞ ተለምነው ነበር፤ ለአንድ ሰው እንኳ ቦታ እንዲተርፍ። ገንዘቡም በዕዳ ለታሰሩ ሰዎችና በከተማው ለነበሩ ሁለት የሕሙማን ቤቶች የተሰጠ ሲሆን፥ 142 እስረኞች ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከወኅኒ እንደ ወጡ ይነገራል።

በዚያ ዘመን ዱብሊን ጥንታዊውን የዩልዮስን አቈጣጠር ገና አልተወችም ነበርና፥ የእነርሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውል ነበር። ቀኑን ብንቈጥረው በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1734 ዓ.ም.፥ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በነገሡበት ዘመን፥ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽሉን አኑረው ነቢያትን ሲያነብቡ፥ ሕዝቡም ሲሰግድ በዋለበት በዚያው ቀን፥ በዱብሊን የኢሳይያስ ቃል በዜማ ተሰምቶ ለእስረኞች መፈቻ ገንዘብ ተሰበሰበ ማለት ነው።

አባወራው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ታዲያ ልጄ አልጠፋችም ይሉኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

አገሩ የቡና አገር ነውና ምሳሌውን ከቡና ወሰድን። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሰሜኑ አገራችን ብዙ ክርስቲያኖች ቡና አይጠጡም ነበር፤ የሌላ እምነት ሰዎች መጠጥ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበርና። በምኒልክ ዘመን ነገሩ እየተለወጠ ሄደ፤ ዛሬ ግን ከቅዳሴ መልስ፥ በማኅበሩም በሰንበቴውም፥ ቡና ሳይፈላ ማን ይበተናል? እኒህ ሰውም ልጆቻቸውን ያሳደጉት፥ ለቤተ ክርስቲያናቸው ዐሥራት ያወጡት ከቡና ነው። ቡናው ያው ቡና ነበር፤ የተለወጠው የእኛ ማስተዋል ነው።

ይህን ስንል ጣፋጭ የሆነ ሁሉ የተቀደሰ ነው ማለታችን አይደለም። የቅዳሴያችንና የማሕሌታችን ዜማ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የሠራልን በግእዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው ነው፤ በእርሱ ቦታ ሌላ የሚገባበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ከቤተ መቅደስ ውጭ የምንሰማውን ዜማ በአገሩ ስም ብቻ ልንፈርድበት አይገባም። ልንጠይቅ የሚገባን የሚሸከመው ቃል ምንድር ነው? በሰሚው ላይ የሚተወው ሥራ ምንድር ነው? ሰሚውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል ወይስ ከቤቱ ያርቀዋል? ብለን ነው።

ይህን ሁሉ በመምህር ልሳን ስንናገር ደብዳቤውን ገና አልፈጸምነውም ነበር። የመጨረሻው ገጽ ሲነበብ ግን ፍርዱ ወደ እኛው ዞረ።

ልጅቱ እንዲህ ጽፋለች፤ በዚያ ምሽት አንዲት ሴት በበገና መሰል መሣሪያ አንድ ዜማ ስታሰማ እርስዋ ያለቀሰችው በዜማው አልነበረም፤ የአያትዋ በገና ትዝ ስላላት ነው። «አባባ፥ የአያቴ በገና አሁንም በግድግዳው ላይ ነውን? ማን ይደረድረዋል? ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንዲያስተምሩኝ ፈልጌ ነበር፤ መምህሬ ግን መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ፥ በገናው የትም አይሸሽም አሉኝ።»

አንባቢ ሆይ፥ ያ መምህር እኛ ነበርን። ነገሩን እስከዚያች ደቂቃ ፈጽመን ረስተነው ነበር። ለፈተና እንድትዘጋጅ ብለን በቅን ልብ የተናገርነው ቃል ነው፤ ደግሞም በገና የወንድና የካህን ነገር ነው የሚል ሐሳብ በልባችን እንደ ነበር አንክድም፤ ብዙ እመቤቶች ይደረድሩት እንደ ነበር እያወቅን። አያትየው በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። በገናው አልሸሸም፤ የሚያሰማው ሰው ግን ሄደ።

ሁላችንም ዐይናችንን ወደ ግድግዳው አነሣን። በገናው ከሥዕሉ አጠገብ ተሰቅሏል። አባወራው አውርደው አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት። ከዐሥሩ አውታሮች ስድስቱ ብቻ ቀርተዋል። አባቶች ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። ከብርኩማው ላይ አውታሩን የሚያስነዝሩት ቍራጭ ቆዳዎች፥ እንዝራ የሚባሉት፥ ደርቀው ተኰራምተዋል። ታናሽዬው ልጅ አንዱን አውታር በጣቱ ነካው፤ ከፈት የቀረ በር የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰጠ። ማንም አልሳቀም። አባወራው ሳምንቱን ሙሉ የጠፋችባቸው ልጃቸው እንደ ሆነች ያስቡ ነበር፤ እኛም እርስዋን ልንከራከርላቸው ተቀምጠን ነበር። የጠፋው ግን በራሳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ይህ ነው።

በዚያች ሌሊት ስለ አየርላንድ በገና ያነበብነው ትዝ አለን። የአገሪቱ የመንግሥት አርማ በገና ነው፤ በገንዘባቸውም ላይ ይቀረጻል። ቱርሎክ ኦካሮላን የተባለው ዝነኛ ደርዳሪያቸው በ18 ዓመቱ በፈንጣጣ ዐይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ አንዲት ደግ እመቤት አስተማሪ፥ ፈረስና መንገድ መሪ ሰጥታው እ.ኤ.አ. በ1738 እስኪሞት ድረስ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ደረደረ። ብርሃነ ሥጋን አጥተው ዜማና ቅኔ የሚያስተምሩ መምህራን ላሏት ቤተ ክርስቲያናችን ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። እርሱ ከሞተ ግማሽ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን፥ እ.ኤ.አ. በ1792፥ የቀሩት ደርዳሪዎች በቤልፋስት ከተማ ይሰብሰቡ ቢባል ከአየርላንድ ሁሉ የመጡት ዐሥር ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዕውራን ነበሩ፤ የናሱን አውታር እንደ ጥንቱ በጥፍሩ የሚደረድር የቀረው አንድ የ97 ዓመት ሽማግሌ ብቻ ነበር። ኤድዋርድ ባንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ተቀምጦ ዜማቸውን ጻፈ። እርሱ ባይጽፍ ኖሮ ልጃችን በዱብሊን ከሰማችው ዐይነት ዜማ ብዙው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ለእኛም እንዲህ ያለ ቀን ነበረን። በ16ኛው መቶ ዓመት በዘመኑ ጦርነት መጻሕፍት ከተቃጠሉና ሊቃውንት ካለቁ በኋላ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የያሬድን ዜማ በምልክት አጽንተውልናል። የበገና ድርደራ ግን በአብዛኛው ከመምህር እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በእኛው ዘመን ዓለሙ አጋ ከተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ መንፈሳዊ ዜማ ከራዲዮ በራቀበት በደርግ ዘመንም አልተዉትም። እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች በመጽናታቸው ዛሬ በገና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እንደ ገና የሚማረው ወጣት ተገኝቷል። አንድ ትውልድ ቸል ቢል ግን የሚቀረው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨትና ቆዳ ነው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አባወራውንና ልጁን ይዘን ወደ አጥቢያው መሪጌታ ሄድን። እርሳቸው በገና አይደረድሩም፤ ነገር ግን የተማረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሰንበት ትምህርት ቤቱ እንዳለ ነገሩን። ወጣቱ በገናውን ገልብጦ አይቶ፥ እንጨቱ ደኅና መሆኑን፥ አውታሩ ግን ሁሉም መለወጥ እንዳለበት ተናገረ። የበግ አንጀት ታጥቦ፥ ተፈትሎና ደርቆ አውታር እስኪሆን ቀናት ይፈጃልና እኛ ፍጻሜውን ሳናይ ተመለስን። ከመሄዳችን በፊት ግን ለልጅቱ በገዛ እጃችን ደብዳቤ ጻፍን፤ ይቅርታም ጠየቅናት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ቢለምን የሚጐድልበት ነገር የለም።

ከፋሲካ በኋላ ከጅማ ስልክ ተደወለልን። ዐሥሩም አውታሮች ተወጥረው ነበር። ልጁ መሣሪያውን ሲቃኝ ሰማነው። ዜማ አልነበረም፤ አንዱን አውታር እየነካ፥ መቃኛውን እያጠበቀ፥ እንደ ገና እየነካ ነበር፤ ያ ወፍራም የሚነዝር ድምፅ ግን የአያቱ በገና ድምፅ ነበር። በዚያው ሰዓት በዱብሊን እኅቱም በሌላ ስልክ ትሰማ እንደ ነበር አባወራው ነገሩን። እናቲቱ ምን አሉ ብለን ብንጠይቅ፥ «ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች» አሉን።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች፥ ልጆቻችሁ በሩቅ አገር የሰሙትን ዜማ ቢነግሯችሁ ከመቈጣታችሁ በፊት ቃሉን ጠይቁ፤ አብራችሁም ስሙ። ከዚያም ዐይናችሁን ወደ ግድግዳችሁ አንሡ። በዚያ የተሰቀለ በገና፥ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዳዊት፥ ወይም ማንም ያልጠየቃቸው አንድ ሽማግሌ አያት ይኖሩ ይሆናል። ልጅ ሊማር ሲጠይቅ «ቈይ» ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ብለነው ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።